መረጃ በዝቶ ማስረጃ ሲያንስ፦ የአየር ንብረት ለውጥ ክርክር በስልክ የውይይት ቡድኖች ውስጥ

መግቢያ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲበረታ ትንሹ አቃቂ ወንዝና ገባሮቹ ይሞላሉ፤ በመካኒሳ፣ በላፍቶና በጀሞ በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ሌሊቱን የውኃውን ድምፅ እያዳመጠ ያድራል። ጠዋት ስልኩን ሲከፍት የዕድሩ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃው ወይም የቀድሞ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ የውይይት ቡድን በፎቶግራፍና በቪዲዮ ተሞልቶ ያገኘዋል። ክርክሩም ወዲያው ይጀመራል። የሚከተለው ምልልስ ለማብራሪያ የተቀናበረ ነው፤ ሆኖም በእንዲህ ዓይነት ቡድን ውስጥ የቆየ አንባቢ ሁሉ ድምፆቹን ይለያቸዋል።

አንዱ «ይህ ሁሉ የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው» ይላል። ሁለተኛው «የምን የአየር ንብረት፤ ቱቦው በፕላስቲክ ተደፍኖ ነው እንጂ» ሲል ይመልሳል። ሦስተኛው «ባለፈው ሳምንት በብርድ ስንንቀጠቀጥ አልነበረም እንዴ? ሙቀት ጨመረ የሚባለው የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። አራተኛው «ድርቁም ጎርፉም ድሮም ነበረ፤ የተፈጥሮ ዑደት ነው» ይላል። አምስተኛው «ድሮ አርባ በመቶ ደን ነበረን፤ ዛሬ ሦስት በመቶ ነው የቀረን» የሚል ምስል ይልካል። ስድስተኛው «ፈረንጅ ባበላሸው እኛ ምን አገባን?» ሲል ይቆጣል። አንዲት እናት ደግሞ «ልጆቼ፣ የሰው ክፋት ሲበዛ እንዲህ ነው፤ መጸለይ ይሻላል» ብለው ይጽፋሉ። እስከ ምሳ ሰዓት መቶ መልእክት ይጻፋል፤ ማንም ግን ከነበረበት ሐሳብ ፈቀቅ አይልም።

ይህን የሚታዘብ ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ የሚደርስበት ድምዳሜ «ሕዝቡ ሳይንስን አያውቅም» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ በዚህ ድምዳሜ አይስማማም። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ አንድ ማስረጃ የሚመልሰው አንድን ጥያቄ ብቻ ነው፤ በውይይት ቡድኖች ውስጥ ግን ማስረጃው ከጥያቄው ተነጥሎ ይዘዋወራል። ከላይ የተጠቀሱት ተናጋሪዎች እርስ በርስ የሚቃረኑ ቢመስሉም አብዛኞቹ የተለያየ ጥያቄ እየመለሱ ናቸው። ልዩነቱ ደግሞ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ምን ሊደረግለት ይገባል የሚለው ውሳኔ የተንጠለጠለበት ነው።

ሁለት ጥንድ ቃላት

ክርክሩ ገና ከመነሻው የሚሳከርበት አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። በአማርኛ «የአየር ሁኔታ» የዛሬን ወይም የዚህን ሳምንት ዝናብ፣ ብርድና ነፋስ ይገልጻል፤ «የአየር ንብረት» ደግሞ የአንድን ቦታ የብዙ ዓመታት ጠባይ። በመዝናኛም ሆነ በቤት ወሬ ግን ሁለቱም «አየሩ» ተብለው ይጠራሉ፤ «አየሩ ተቀየረ» ያለ ሰው ደመና መምጣቱን ይናገር ወይም የሠላሳ ዓመት ለውጥን መለየት ያስቸግራል። «ንብረት» የሚለው ቃል መነሻው ነበረ፣ ማለትም ተቀመጠ የሚለው የግእዝ ግስ መሆኑን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የአየር ንብረት ከዕለታዊው መለዋወጥ በኋላ ተቀምጦ የሚገኘው ነው። የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ለዚህ መለኪያ የሚጠቀመው የ30 ዓመት አማካይ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ የሚሠራበት ከእ.ኤ.አ. 1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ስለሆነም የሦስተኛው ተናጋሪ የብርድ ሳምንት እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚመልሰው ጥያቄ «ባለፈው ሳምንት እንዴት ነበር?» የሚለውን ነው።

ሁለተኛው ጥንድ «መረጃ» እና «ማስረጃ» ነው። መረጃ ሰው ነገሩን የሚረዳበት ነው፤ ማስረጃ ደግሞ ለሌላው የሚያስረዳበት። በመካከላቸው ያለው «ማስ» የሚለው ቅጥያ ትልቅ ሸክም ተሸክሟል፤ ማስረጃ ምንጊዜም የሚቀርብለት ሰውና የሚመልሰው ጥያቄ አለው። የጎርፍ ቪዲዮ መረጃ ነው። ያ ቪዲዮ ማስረጃ የሚሆነው «ምን ለማስረዳት?» ተብሎ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ውኃው ጉልበት ድረስ መድረሱን ያስረዳል፤ ለምን እንደደረሰ ግን በራሱ አያስረዳም። በስልክ ቡድኖች ውስጥ የሚበዛው መረጃ ሲሆን፣ ክርክሩ የሚካሄደው ግን ሁሉም ማስረጃ የያዘ በመሰለው መንፈስ ነው።

ጎርፉ፦ ቱቦው ወይስ ከባቢ አየሩ?

የአንደኛውና የሁለተኛው ተናጋሪ ክርክር በአደጋ ጥናት ዘርፍ ከተለመደው አከፋፈል አንጻር ሲታይ ይፈታል። አንድ አደጋ ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ይደርሳል፦ አደጋ አምጪው ክስተት (ኃይለኛ ዝናብ)፣ ለክስተቱ መጋለጥ (ሰውና ቤት በውኃው መንገድ ላይ መገኘት) እና ተጎጂነት (ቤቱ የተሠራበት ቁስ፣ የማስጠንቀቂያ አለመኖር፣ ድህነት)። «ከባቢ አየሩ ነው» የሚለው ስለ መጀመሪያው፣ «ቱቦው ነው» የሚለው ደግሞ ስለ ሌሎቹ ሁለቱ ይናገራል።

ስለ መጀመሪያው ሳይንስ የሚለው ግልጽ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው የውኃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ የፊዚክስ ሕግ ነው። የበለጠ ተን የያዘ ደመና ሲዘንብ ዝናቡ በአጭር ሰዓት የመክበድ ዕድሉ ይጨምራል። የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2011 እስከ 2020 የነበረው የምድር ገጽ ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.09 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ይሁንና ከዚህ ዓለም አቀፍ ድምዳሜ ወደ አንድ ክፍለ ከተማ የአንድ ሌሊት ዝናብ ለመውረድ ረጅም ዘመን የተመዘገበ የሰዓታት የዝናብ ልኬት ያስፈልጋል። በተራራማ ከተማ ዝናብ ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ የአንድ ጣቢያ መዝገብ ለሌላው ሰፈር አይበቃም። «የትናንቱን ጎርፍ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ በማግስቱ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ማስረጃው ከሚችለው በላይ ይሸከምበታል።

ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው ማስረጃው በዓይን ይታያል። ቀድሞ ውኃ ይሰርግበት የነበረው እርሻና የግጦሽ መስክ በጣሪያ፣ በአስፋልትና በኮብልስቶን ሲሸፈን ዝናቡ ባይጨምርም ወደ ወንዝ የሚሮጠው ውኃ ይጨምራል፤ ወንዙም በፍጥነት ይሞላል። ባለፉት ሃያ ዓመታት ጀሞንና አካባቢውን ያየ ሰው ይህን ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልገውም። ቆሻሻ የደፈነው ቱቦና በወንዝ ዳርቻ ላይ የተሠራ ቤት በዚህ ላይ ይጨመራሉ።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 በድሬዳዋ የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ ከላይ ከደጋው በወረደ ውኃ በሌሊት ሞልቶ በዳርቻው የተኙትን ወሰደ። ሰማዩና ሰፈራው ተገናኝተው ያደረሱት አደጋ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ለክርክር ይመች ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ክረምት ግን አይጠቅምም። «ከባቢ አየሩ ነው» ብቻ ከተባለ የቱቦውና የወንዝ ዳርቻው ኃላፊ ከተጠያቂነት ይድናል፤ «ቱቦው ነው» ብቻ ከተባለ ደግሞ መሐንዲሱ የሃምሳ ዓመት ዕድሜ ያለውን ቱቦ በትናንቱ የዝናብ መጠን ይነድፈዋል።

«ድሮም ነበረ»

አራተኛው ተናጋሪ ያነሣው ነጥብ በአገራችን ታሪክ የተደገፈ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን በመኪናና በፋብሪካ ጭስ የመጣ አልነበረም፤ ድርቅ፣ አንበጣና ከውጭ በገቡ ከብቶች የተዛመተ የከብት ወረርሽኝ ተደራርበው ያመጡት ነበር። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ የዛሬውም የተፈጥሮ ነው» ማለት ግን አይከተልም። ሰው ክብሪት ከመሥራቱ በፊትም ደን በመብረቅ ይቃጠል ነበር፤ ይህ ዛሬ ደን የሚያቃጥል ሰው የለም ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

የአሁኑ ሙቀት ከተፈጥሮ ዑደት የተለየ መሆኑን የሚያሳዩ አሻራዎች አሉ። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ገደማ የነበረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ዛሬ ከ420 አልፏል። የተጨመረው ካርቦን ደግሞ የትውልድ ምልክት አለው። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ከመሬት በታች በመቆየታቸው ካርቦን 14 የተባለው ዓይነት የላቸውም፤ በከባቢ አየርም የዚህ ዓይነት ድርሻ በነዳጅ ጭስ እየሳሳ መሄዱ ተለክቷል። ሁለተኛው አሻራ ይበልጥ ያስረዳል፦ ለሙቀቱ ምክንያት ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የታችኛውም የላይኛውም የከባቢ አየር ክፍል በሞቀ ነበር። የታየው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው፣ ማለትም ስትራቶስፌር፣ መቀዝቀዙ ነው። ይህ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ከታች የሚይዝ ጋዝ ሲጨምር የሚጠበቅ ውጤት ነው። «ዑደት ነው» ለሚል ሰው በመጀመሪያ መቅረብ ያለበት የሊቃውንት ብዛት ሳይሆን ይህ ዓይነቱ ምክንያትን ከምክንያት የሚለይ ማስረጃ ነው።

ሁለት ድርቆች፣ አንድ ቁጥር

ማስረጃ ለአንድ ጥያቄ ብቻ መልስ እንደሚሰጥ ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው የሁለት የኢትዮጵያ ድርቆች ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015፣ በእኛ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በልግና ክረምት በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የደረሰው ነው። በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ተገልጾ ነበር። ይህን ድርቅ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ድርቁ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት እንደሆነ፣ የመመለሻ ጊዜውም ከ60 ዓመት እንደሚበልጥ ገመተ። ኃይለኛው ኤልኒኞ ድርቁን እንዳባባሰው አሳየ። የሰው ሠራሽ የአየር ንብረት ለውጥ ድርሻ ግን በግልጽ ሊለይ እንዳልቻለ ደመደመ፤ በምልከታ መዝገቡ ውስጥ የዝናብ መቀነስ አዝማሚያ አልተገኘም፤ መዝገቡ አጭርና ዝናቡ በተፈጥሮው ተለዋዋጭ በመሆኑም ትልቅ አዝማሚያ ቢኖር እንኳ ሊሰወር እንደሚችል አጥኚዎቹ አስታወቁ።

ሁለተኛው ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረናን ጨምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉበት ድርቅ ነው። ዓለም አቀፍ የአጥኚዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ባወጣው ትንታኔ የአየር ንብረት ለውጥ ይህን ድርቅ በጥንቃቄ ግምት 100 ጊዜ ያህል ይበልጥ የመከሰት ዕድል እንደሰጠው ደመደመ። ለዚህ ዋናው ምክንያት የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ሙቀቱ ከአፈርና ከዕፅዋት የሚተነውን ውኃ መጨመሩ ነበር።

አንድ አገር፣ ሁለት ድርቅ፣ ሁለት የተለያየ መልስ። ይህ የሳይንስ መወላወል አይደለም፤ ቦታው፣ የዝናቡ ወቅት፣ የተለካው ነገርም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ጥናት የመረመረው በዋናነት የዝናብ መጠንን ነው፤ ሁለተኛው ዝናብን ከትነት ጋር አጣምሮ መርምሯል። ሁሉንም ድርቅ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለው ወገን የመጀመሪያውን ጥናት ቢያነብ ይደነግጣል፤ ሁሉንም «ኤልኒኞ» የሚለው ደግሞ ሁለተኛውን።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ ብቻ የሚገጥመው ወጥመድ አለ። «የ2015ቱ ድርቅ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በውይይት ቡድን ውስጥ ሲጣል የትኛው ድርቅ ነው? በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የሰሜኑ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን 2015 ዓ.ም. ቦረና በድርቁ የተመታበት፣ ሁለተኛው ትንታኔም የወጣበት ዓመት ነው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ከተጣለ ሁለት ተከራካሪዎች ተመሳሳይ ቁጥር እየጠሩ ተቃራኒ ድምዳሜ ያላቸውን ሁለት ጥናቶች ሊጠቅሱ ይችላሉ፤ ሁለቱም እውነት ተናግረው አንዱ ሌላውን ውሸታም ይለዋል።

አርባ በመቶው ደን

አምስተኛው ተናጋሪ የላከው ምስል ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም የሚያገለግለው ለጥሩ ዓላማ ነው። «ከመቶ ዓመት በፊት ከአገሪቱ 40 በመቶው ደን ነበር» የሚለው አባባል በመማሪያ መጻሕፍት፣ በመንግሥት ሰነዶችና በለጋሾች ሪፖርቶች ለአሠርት ዓመታት ተደጋግሟል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የቁጥሩን ምንጭ ወደኋላ ሲከታተል ከጀርባው የተለካ ነገር እንደሌለ አሳየ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጓዙ ሰዎች የጻፏቸው ማስታወሻዎች የሰሜኑን ደጋ ሰፊ ክፍል ያኔም ዛፍ የሳሳበት አድርገው ይገልጹታል። ይህ ማለት ደን አልተመነጠረም ማለት አይደለም፤ በተለይ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ከፍተኛ ምንጠራ ተካሂዷል። የወደቀው «40» የሚለው ቁጥር ነው።

የዛሬውም ቁጥር ያለ ትርጓሜ አይቆምም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበችው የደን መነሻ ልኬት ሽፋኑ 15.5 በመቶ ነበር። ከ«ሦስት በመቶ» ወደ 15.5 የተደረሰው በዋናነት በመትከል አልነበረም፤ አንዱ ትልቅ ምክንያት «ደን» የሚለው ትርጓሜ ነው። በአዲሱ ትርጓሜ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ያለው ሁሉ ደን ስለሚባል፣ ቀድሞ ያልተቆጠረ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ መሰል እንጨትና ቀርከሃ ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ መባሉ የቀሰቀሰው ክርክርም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ሰዉ የተከራከረው በአብዛኛው በአንድ ቀን ያን ያህል መትከል ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ላይ ነበር፤ ለከባቢ አየሩ የሚቆጠረው ግን ከሦስትና ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ያለው ዛፍ ነው።

ለእውነተኛ ጉዳይ የሐሰት ቁጥር ማቅረብ የሚያስከትለው ጉዳት ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ቁጥሩ ሲወድቅ ተቃዋሚው ቁጥሩን ብቻ አይጥልም፤ ጉዳዩን ሁሉ ይጥላል። በመሆኑም ተመራማሪ የራሱን ወገን ቁጥር ከተቃዋሚው ቁጥር ይልቅ አጥብቆ መመርመር ይኖርበታል።

«እኛ ምን አገባን?»

የስድስተኛው ተናጋሪ ቁጣ ብዙ ጊዜ ሳይንስን እንደመካድ ይቆጠራል፤ እንዲያ አይደለም። በ2004 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን አድርጎ ገምቶታል። ይህም ለአንድ ሰው ከ2 ቶን በታች ነው። አቶ መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገኑ ጉባኤ አፍሪካን ወክለው ሲደራደሩ መነሻቸው ይኸው የፍትሕ ጥያቄ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በሻርም ኤል ሼክ የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ እንዲቋቋም የተደረሰው ስምምነትም ከዚሁ ጥያቄ ይመነጫል።

ነገር ግን ተናጋሪው ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። «ጉዳቱን ያደረሰው ሌላ ነው፤ ካሣ ይገባናል» የሚል ሰው በመጀመሪያ ጉዳት መድረሱን፣ ጉዳቱም ከልቀቱ የመጣ መሆኑን መቀበል አለበት። ልቀት ሙቀትን ካላመጣ ካሣ የሚባል ነገር አይኖርም። በሌላ አነጋገር የፍትሕ ክርክሩ የሚቆመው በሳይንሱ ትከሻ ላይ ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ ጠዋት «የአየር ንብረት ለውጥ የፈረንጅ ፈጠራ ነው»፣ ማታ ደግሞ «ፈረንጅ ካሣ ይክፈለን» የሚል ሰው ከሁለቱ አንዱን መተው ይኖርበታል።

ለመጸለይ የጠሩት እናት ንግግርም እዚህ ላይ ቦታ አለው። እሳቸው «ደመናው እንዴት ከበደ?» የሚለውን አልመለሱም፤ «ይህ ለምን በእኛ ላይ መጣ፣ እኛስ ምን እንሁን?» የሚለውን ነው የተናገሩት። በቴርሞሜትር የማይመለስን ጥያቄ በቴርሞሜትር ለመሞገት መነሣት ለሳይንስ አንዳች አይጨምርለትም፤ ሰሚ ግን ያሳጣዋል።

የመድረኩ ጠባይ

እስካሁን የታየው የጥያቄዎች መደባለቅ ነው። ይህን የሚያባብሰው መድረኩ ራሱ ነው። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ሽቦ በአየር የሚሄድ መልእክትን ያስታውሳል፤ የዛሬው መልእክትም ያለ ሽቦ ይሄዳል፣ ነገር ግን ላኪውን እየጣለ ነው የሚሄደው። አንድ ሠንጠረዥ በስክሪን ሾት ተቀርጾ አራት ቡድን ሲያልፍ ምንጩ፣ ዓመተ ምሕረቱና የመለኪያ አሐዱ ተቆርጠው ይቀራሉ። የቀረው ቁጥሩና ስሜቱ ብቻ ነው።

ይህን ከቀድሞው የሙግት ሥርዓት ጋር ማነጻጸር ያስተምራል። በተጠየቅና በበላ ልበልሃ ተሟጋቾች ፊት ለፊት ይቆሙ ነበር፤ የሚከራከሩበት ነገር ተለይቶ ይታወቃል፤ ሁለቱም የተቀበሉት ዳኛ አለ፤ ምስክር ይቆጠራል፤ በቃሉ የሚተማመን ሰው በቅሎ ወይም ማር ይወራረዳል። ያለ አግባብ መናገር ዋጋ ያስከፍል ነበር። በስልክ ቡድን ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። የሙግቱ ነገር በየአሥር መልእክቱ ይለወጣል፤ ዳኛ የለም፤ የተሳሳተ ቁጥር የላከ ሰው የሚከፍለው ነገር የለም። ስለዚህ የቀረልን እሰጥ አገባው ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የሰፈር ቡድን የማይተዋወቁ ሰዎች አደባባይ አይደለም፤ ነገ በዕድር ድንኳን ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሰዎች ያሉበት ነው። አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ተማሪ አንድን አባት በሦስት መቶ ሰው ፊት «ተሳስተዋል» ቢላቸው ክርክሩ ከሙቀት ወደ ክብር ይዞራል። «ጋሼ፣ የቱቦውስ ነገር ልክ ነዎት፤ በዚያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር» ያለ ግን ተመሳሳዩን ማስረጃ ይዞ ይሰማል። ይህ ይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ከላይ እንደታየው «ልክ ነዎት» የሚለው ክፍል በአብዛኛው እውነት ነው።

«ሰው ሲታረም ይብስበታል» የሚለው ሥጋትም ተጋንኗል። ቶማስ ውድና ኢታን ፖርተር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት፣ ከ10,000 በላይ ሰዎችና 52 ጉዳዮችን በሸፈነ ጥናት እርማት ሰዎችን በተሳሳተ እምነታቸው የሚያጸናበት ሁኔታ አላገኙም። ሌቲሲያ ቦድና ኤሚሊ ቭራጋ ደግሞ እርማት የሚደረግለት ሰው ብቻ ሳይሆን ዳር ሆኖ የሚያነበውም ከእርማቱ እንደሚጠቀም አሳይተዋል። ፊሊፕ ሽሚድና ኮርኔሊያ ቤትሽ በዋናነት በክትባት ክርክር ላይ ባደረጉት ጥናት ለሐሰተኛ ንግግር መልስ አለመስጠት መልስ ከመስጠት የከፋ ውጤት እንዳለው አግኝተዋል። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በሌላ አገርና ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ የስልክ ቡድኖች ላይ መፈተናቸው ለእኛ ዘርፍ ተማሪዎች የተተወ ሥራ ነው። ከአቅጣጫቸው ግን አንድ ነገር መያዝ ይቻላል፦ በሦስት መቶ ሰው ቡድን ውስጥ የሚጽፉት አሥር ከሆኑ፣ መልስ የሚጻፈው ለተከራካሪው ሳይሆን ዝም ብለው ለሚያነቡት ለሁለት መቶ ዘጠናው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከታዩት ጉዳዮች ለተመራማሪና ለተማሪ አራት ልማዶች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ከመልስ በፊት ጥያቄውን መለየት፦ ስለ ዛሬ ነው ወይስ ስለ ሠላሳ ዓመት? ስለ ዝናቡ ነው ወይስ ስለ ቱቦው? ስለ ምክንያት ነው ወይስ ስለ ፍትሕ? ሁለተኛ፣ ቁጥር ሲላክ ቦታውን፣ ምንጩንና የዘመን አቆጣጠሩን አብሮ መላክ። ሦስተኛ፣ ማስረጃው የማይችለውን አለመናገር፤ ስለ ሰሜኑ ድርቅ «አልተለየም» ማለት የቻለ ሳይንስ ስለ ደቡቡ «100 ጊዜ» ሲል የሚታመነው በዚሁ ምክንያት ነው። አራተኛ፣ የራስን ወገን ስሕተት ቀድሞ ማረም።

እነዚህ ልማዶች ክርክሩን አያስቀሩትም፤ ሊያስቀሩትም አይገባም። በትንሹ አቃቂ ዳር ያለው ቤተሰብ የሚፈልገው የክርክሩን አሸናፊ ማወቅ አይደለም። ከክረምቱ በፊት ቱቦው እንዲጠረግ፣ ቱቦው ሲሠራ ለሚመጣው ዝናብ ተደርጎ እንዲሠራ፣ ቤቱ መነሣት ካለበትም የሚሄድበት ቦታ ቀድሞ እንዲታወቅ ይፈልጋል። የመጀመሪያው የክፍለ ከተማው፣ ሁለተኛው የመሐንዲሱና የአየር ንብረት ባለሙያው፣ ሦስተኛው የከተማው ጉዳይ ነው። ጥያቄዎቹ ተደባልቀው ሲቀሩ ሦስቱም «የእኔ አይደለም» ለማለት ምክንያት ያገኛሉ፤ ተለይተው ሲቀርቡ ግን እያንዳንዱ የራሱ ጥያቄ ይጠብቀዋል።